ፒ ቫልዩ 0.06 ሲመጣ «ሲግኒፊካንት» የምትለዋን ቃል ምን እናድርጋት?

ጥያቄ፦ «የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ቴሲሴ ከ12 እስከ 23 ወር የሆናቸው ሕፃናት ክትባታቸውን መጨረሳቸውንና ከዚያ ጋር የሚያያዙ ነገሮችን ይመለከታል። ናሙናዬ 422 ነው። በመጨረሻው ሰንጠረዥ ላይ የእናት ትምህርት ኤኦአር (የሌሎቹ ነገሮች ድርሻ ተስተካክሎ የሚሰላ ኦድስ ሬሽዮ) 1.80 (95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ከ0.98 እስከ 3.32)፣ ፒ ቫልዩ 0.06 ሆነ። ለጤና ተቋም ቅርብ መሆን 1.90 (ከ1.06 እስከ 3.39)፣ ፒ 0.03። የእርግዝና ክትትል 4.20 (ከ2.39 እስከ 7.37)፣ ፒ 0.000። በእንግሊዝኛ የጻፍኩት ‹የእናት ትምህርት ምንም ተጽዕኖ የለውም፤ ርቀት ሲግኒፊካንት ነው፤ የእርግዝና ክትትል ሃይሊ ሲግኒፊካንት ነው› ብዬ ነው። ኤግዛሚነሬ ሦስቱንም ዓረፍተ ነገር በቀይ አስምሮ ‹ቋንቋውን አስተካክዪ› አለኝ። አማካሪዬ 0.06ን ‹ማርጂናሊ ሲግኒፊካንት በዪው› ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ከሰንጠረዡ አውጪውና ተገላገዪ› ትላለች። ትክክለኛው አጻጻፍ የቱ ነው?»

ምላሽ፦ ሦስቱም አያስኬዱም። ያንቺም፣ የአማካሪሽም፣ የጓደኛሽም። ኤግዛሚነሩ ማስመሩ ልክ ነው፤ «ቋንቋውን» ማለቱ ግን ነገሩን አሳንሶታል። ሰዋስውሽ ምንም አልሆነም። «ሲግኒፊካንት» የምትለዋን ቃል ግን ቁጥሮችሽ ያላሉትን እንድትናገር አድርገሻታል። ይህ ያንቺ ብቻ ችግር አይደለም። በእጄ በሚያልፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ደጋግሜ የማርመው ይህንኑ ነው። ደጋግሜ የምማረርበትም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ዓመት ተለፍቶ የተሰበሰበ ጥሩ ዳታ በአንዲት ቃል ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል።

ከፒ ቫልዩ እንጀምር። ቃሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ፒ ቫልዩ የሚመልሰው አንድ ጠባብ ጥያቄ ብቻ ነው። በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖር፣ ናሙናውም ሞዴሉም ትክክል ቢሆኑ፣ አሁን ያገኘነውን ያህል ወይም ከዚያም በላይ ከ«ልዩነት የለም» የራቀ ውጤት የመምጣት ዕድሉ ስንት ነው? በቃ፣ ይኸው ነው። 0.03 ማለት «ይህ ውጤት በአጋጣሚ የመጣ የመሆኑ ዕድል 3 በመቶ ነው» ማለት አይደለም። «97 በመቶ እርግጠኛ ነኝ» ማለትም አይደለም። ስሌቱ ገና ሲጀመር «ልዩነት የለም» ብሎ ነው የሚነሳው። መነሻ አድርጎ የያዘውን ነገር እውነት የመሆን ዕድል መልሶ ሊነግርሽ አይችልም። ይህን ነጥብ ቆም ብለሽ አንብቢው። ዲፌንስ ላይ ከሚጠየቁ ጥያቄዎች ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ይኸኛው ነው።

0.05 ደግሞ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ሮትሃምስተድ በተባለ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የሰብልና የማዳበሪያ ሙከራዎችን ሲተነትን የነበረ ሰው ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከ20 አንዴ ብቻ በአጋጣሚ ሊከሰት የሚችልን ውጤት እንደ ወሰን መያዝ ይመቻል አለ። ያለው «ይመቻል» ነው። አንድ ሙከራ ይህን ወሰን አለፈ ብሎ ነገሩን የመዝጋት ሐሳብም አልነበረውም። ሙከራው ሲደጋገም ውጤቱ ሳያሰልስ ሲመጣ ነው አንድ ነገር ተረጋገጠ የሚለው። በ1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ የትኛውም ተመራማሪ በየዓመቱና በየሁኔታው አንድ ቋሚ መስመር ይዞ መላምት አይጥልም ሲል ጽፏል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ለአሠራር እንዲመች የተቀመጠው መስመር የማለፊያና የመውደቂያ ነጥብ ሆነ። 0.049 አለፈ፣ 0.051 ወደቀ።

አሁን ወደ ሰንጠረዥሽ እንመለስ። የእናት ትምህርትንና የርቀትን መስመር ጎን ለጎን አድርጊያቸው። አንዱ 1.80፣ ሌላው 1.90። አንዱ ኢንተርቫል፣ ማለትም ከዳታው ጋር የሚስማማው የቁጥር ክልል፣ ከ0.98 ተነስቶ 3.32 ይደርሳል፣ ሌላው ከ1.06 ተነስቶ 3.39። ለዓይን እንኳ መንትያ ናቸው። ሁለቱም «ግንኙነት ያለ ይመስላል፤ መጠኑ ግን በደንብ አልታወቀም» ይላሉ። አንቺ ግን አንዱን «ሲግኒፊካንት» ብለሽ አነገሥሽው፣ ሌላውን «ምንም ተጽዕኖ የለውም» ብለሽ ቀበርሽው። አንድ ውጤት ሲግኒፊካንት ሆኖ ሌላው አለመሆኑ በሁለቱ መካከል ልዩነት አለ ማለት አይደለም። ልዩነት አለ ለማለት ልዩነቱ ራሱ መመርመር አለበት። ያንቺዎቹ ሁለት ቁጥሮች እንዲህ ቢመረመሩ የሚለያያቸው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ኢንተርቫልሽ ለምን እንዲህ ሰፋ? መልሱ ያለው 422 የምትለዋ ቁጥር ውስጥ ነው። የኛ አገር የጤና ቴሲስ ያነበበ ሁሉ ያውቃታል። ምጣኔውን 50 በመቶ፣ የስህተት ህዳጉን 5 በመቶ አድርገሽ በነጠላ ምጣኔ ቀመር ስታሰዪ 384 ይመጣል። መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ስትጨምሪበት 422 ወይም 423 ይሆናል። ቀመሩ ጥሩ ቀመር ነው፤ ግን የተሠራው «ክትባት የጨረሱ ሕፃናት ስንት በመቶ ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ ነው። «የእናት ትምህርት ከክትባት ጋር ይያያዛል ወይ?» ለሚለው ሁለተኛ ጥያቄ አልታሰበም። ለዚያ የሚበቃ ናሙና ለብቻው ይሰላል፤ ብዙ ጊዜም ከ422 ይበልጣል። ስለዚህ 0.06 የመጣው ትምህርት ስለማይጠቅም ላይሆን ይችላል። ጥናቱ ይህን ለማየት አቅም አንሶት ሊሆን ይችላል። በደከመ ባትሪ ግቢ ውስጥ ቁልፍ ፈልጎ ያጣ ሰው «ቁልፉ ግቢ ውስጥ የለም» ብሎ መማል አይችልም። «ባየሁት ብርሃን አላገኘሁትም» ማለት ግን ይችላል።

ስለዚህ «ምንም ተጽዕኖ የለውም» የሚለው ይወጣል። ኢንተርቫልሽ ራሱ ይቃወመዋል። ከ0.98 እስከ 3.32 ያለው ክልል ውስጥ «ምንም ልዩነት የለም» የሚለው፣ ማለትም 1፣ አለ፤ «ኦድሱ (የጨረሱት ላልጨረሱት ሲካፈል) ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል» የሚለውም አለ። ሁለቱንም ያቀፈ ውጤት ይዞ አንዱን ብቻ መርጦ መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው። «ግንኙነት የለም» ማለት የምትችይው ኢንተርቫሉ ጠባብ ሆኖ 1 አጠገብ ሲሰበሰብ ነው፤ ለምሳሌ ከ0.95 እስከ 1.06 ቢሆን። ያኔ በሙሉ ልብሽ ጻፊው፣ ያምርበታል።

እዚያው ዓረፍተ ነገር ላይ ሌላም ችግር አለ። «ተጽዕኖ»፣ በእንግሊዝኛው «ኢፌክት»፣ ብለሻል። ዳታሽ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዙር መጠይቅ የተሰበሰበ ነው። እንዲህ ያለ ጥናት ምን ከምን ጋር አብሮ እንደሚታይ ይነግርሻል፤ ምን ምንን እንዳመጣ አይነግርሽም። «ኢፌክት»፣ «ኢምፓክት»፣ «ሊድስ ቱ» የሚሉትን ሁሉ «አሶሲዬትድ ዊዝ» በሚለው ተኪያቸው። «ፕሪዲክተር» የሚለውም ቢቀር እመርጣለሁ። ትንበያ አልሠራሽም።

የአማካሪሽን «ማርጂናሊ ሲግኒፊካንት» በተመለከተ፣ ለምን እንደሚመክረው ይገባኛል። ውጤቱን ከሞት ሊያድንልሽ ነው። ግን አስቢው፣ 0.04 ያገኘ ሰው «ማርጂናሊ ኖት ሲግኒፊካንት» ብሎ ሲጽፍ አይተሽ ታውቂያለሽ? አይጽፍም። መስመሩ ሲጠቅመን ብረት፣ ሲጎዳን ላስቲክ ይሆናል ማለት ነው። «ትሬንድ ቶዋርድ ሲግኒፊካንስ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። ፒ ቫልዩ ወደ የትም እየሄደ አይደለም። ናሙና ብትጨምሪ ወደ 0.01 ሊወርድ ይችላል፣ ወደ 0.40ም ሊወጣ ይችላል። በዚያ ላይ «ትሬንድ» በስታትስቲክስ የራሱ ሥራ ያለው ቃል ነው፤ ደረጃ ያላቸው ምድቦች ወይም ዓመታት ሲነጻጸሩ ነው የሚነሳው። ኤግዛሚነሮች እነዚህን ሐረጎች ሲያዩ «ይህች ልጅ ውጤቱን ልትሸጥልኝ ነው» ብለው ነው የሚያነቡት።

የጓደኛሽ ምክር ከሁሉም የከፋው ነው፤ በዚህ ላይ ለስላሳ መሆን አልችልም። በፕሮፖዛልሽ ላይ የእናት ትምህርትን እመረምራለሁ ብለሽ ጽፈሻል። መጠይቁ ላይ አለ፣ እናቶቹም መልሰውልሻል። ውጤቱ 0.06 ሆነ ብሎ መሰወር ዳታን መምረጥ ነው። ደግሞም አንድ ቀላል ስሌት ላሳይሽ። በእውነቱ ከክትባት ጋር ምንም የማይያያዙ 20 ተለዋዋጮች ቢኖሩሽና አንዱ ከሌላው ጋር ባይገናኝ፣ እያንዳንዱን በ0.05 ስትፈትኚ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ «ሲግኒፊካንት» የመሆን ዕድሉ 64 በመቶ ነው። አንባቢ ይህን ማመዛዘን የሚችለው ስንቱን እንደፈተንሽ ሲያውቅ ነው። ያልተሳካውን ስትደብቂ የተሳካውንም ታማኝነት ትነሺዋለሽ። በባይቫሪያብል ትንተና (እያንዳንዱ ተለዋዋጭ ለብቻው ሲታይ) ፒ ከ0.25 በታች የሆነውን ብቻ ወደ መልቲቫሪያብል (ሁሉም አብረው ወደሚታዩበት) የማሳለፉ ልማድም ይህንኑ ችግር ሳያስበው ይዞ ይመጣል። የእናት ትምህርት ከክትባትም፣ ከእርግዝና ክትትልም፣ ከኑሮ ደረጃም ጋር እንደሚተሳሰር ማንም የጤና ባለሙያ ያውቃል። እንዲህ ያለ ተለዋዋጭ ፒው ምንም ይሁን ሞዴሉ ውስጥ ይቀመጣል። ካወጣሽው የሌሎቹም ቁጥር ይዛባል።

አሁን 0.000። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር «ሲግ» በሚለው ዓምድ ስር እንዲህ አድርጎ ያሳይሻል፤ ሦስት ነጥብ ቤት ብቻ ስለሚያሳይ ነው። ያንቺ ትክክለኛ ቁጥር ሲሰላ ከሚሊዮን አንድ እንኳ አይሞላም፤ ዜሮ ግን አይደለም። ዜሮ ዕድል ማለት በጭራሽ ሊሆን የማይችል ማለት ነው፤ እንዲህ የሚል የስታትስቲክስ ፈተና የለም። የምትጽፊው «ፒ ከ0.001 ያነሰ» ነው፤ በምልክት «ፒ < 0.001»። ለሌሎቹ ግን ትክክለኛውን ቁጥር አስቀምጪ። 0.03ን «ፒ < 0.05» ብሎ መጠቅለል መረጃ መጣል ነው። «ሃይሊ» የምትለዋም ትውጣ። ፒ ቫልዩ ስላነሰ ግንኙነቱ በረታ ማለት አይደለም። ብርታቱን የሚያሳየው 4.20 የሚለው ቁጥር ነው፣ እርግጠኝነቱን የሚያሳየው ደግሞ ከ2.39 እስከ 7.37 ያለው ክልል ነው። እነዚህን በቅጡ ከጻፍሽ ማጋነኛ ቃል ምን ይሠራልሻል?

ይህ የመጠን ጉዳይ ትንሽ ጊዜ ይገባዋል። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፤ ቁጥሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንድ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጥ አልሚ ምግብ የሕፃናትን የልደት ክብደት ይጨምር እንደሆነ ሁለት ቡድን ይጠና። በየቡድኑ 10,000 ሕፃን ይኑር፤ የክብደቱ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ክብደታቸው ምን ያህል እንደሚለያይ የሚለካው) 480 ግራም ይሁን። በቡድኖቹ መካከል የ20 ግራም ልዩነት ቢገኝ ፒ ቫልዩው 0.003 ይሆናል። ስታትስቲካሊ ሲግኒፊካንት ነው፤ ምንም አያጠያይቅም። ግን 20 ግራም ምንድን ነው? አንዲት አዋላጅ ነርስ ሚዛኑ ላይ ልብ አትለውም። ሌላ ጥናት ደግሞ በየቡድኑ 100 ሕፃን ብቻ ኖሮት የ120 ግራም ልዩነት ቢያገኝ ፒው 0.08 ገደማ ይሆናል፤ ኢንተርቫሉም ከ13 ግራም ቅናሽ እስከ 253 ግራም ጭማሪ ይዘረጋል። በመስመሩ ሕግ የመጀመሪያው «አለ»፣ ሁለተኛው «የለም» ይባላል። እኔ የጤና ቢሮ ኃላፊ ብሆን ግን የምከታተለውና ተጨማሪ ጥናት እንዲሠራበት የምወተውተው ሁለተኛውን ነው።

ለዚህም ነው «ሲግኒፊካንት» ብቻዋን መቆም የሌለባት። በተራው እንግሊዝኛ ቃሏ «ትልቅ፣ ቁም ነገር ያለው» የሚል ስሜት አላት። በስታትስቲክስ ግን «ፒው አስቀድሜ ካስቀመጥኩት ወሰን አንሷል» ከማለት አታልፍም። «ሲግኒፊካንትሊ ሃየር» ብለሽ ስትጽፊ አንባቢው «በጣም ይበልጣል» ማለትሽ ይሁን «ፒው ከ0.05 ያንሳል» ማለትሽ አያውቅም። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መመሪያም ይህንን ቃል፣ ከ«ኖርማል»፣ ከ«ራንደም»ና ከ«ኮሪሌሽን» ጋር፣ ከስታትስቲክሱ ትርጉም ውጭ እንዳትጠቀሙበት ይላል። «ብዙ» ለማለት ከፈለግሽ «ሰብስታንሻል» ወይም «ላርጅ» በይ፤ ከዚያም ቁጥሩን አስከትዪ። መግቢያሽ ላይ «ሲግኒፊካንት ፐብሊክ ኸልዝ ፕሮብለም» ብለሽ እንደሆነ እሱንም «ሜጀር» አድርጊው። «ኢንሲግኒፊካንት» ደግሞ ፈጽሞ እንዳትጽፊ። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ «የማይረባ» ነው የሚለው። ካስፈለገ «ኖት ስታትስቲካሊ ሲግኒፊካንት» ነው የሚባለው።

ባትጠይቂኝም አንድ ነገር ልጨምር፤ በጥያቄሽ ባይኖርም በቴሲስሽ እንዳለ እገምታለሁ። 1.90ን «1.9 ታይምስ ሞር ላይክሊ» ብለሽ ከጻፍሽ ይስተካከል። ኦድስ ሬሽዮ የዕድል ንጽጽር የሚመስለው ነገሩ ብርቅ ሲሆን ነው። ክትባት መጨረስ ብርቅ አይደለም። በ2016ቱ እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንኳ በዚህ ዕድሜ መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የወሰዱት 39 በመቶ ነበሩ። ከጤና ተቋም ከሚርቁት 40 በመቶዎቹ ጨርሰዋል እንበል። ኦድሱ 40 ለ60፣ ማለትም 0.67 ገደማ ነው። በ1.90 ሲባዛ 1.27 ይሆናል። ይህ ወደ መቶኛ ሲመለስ 56 በመቶ ነው። 56 ለ40 ሲካፈል 1.4 ነው። «1.9 ጊዜ የበለጠ ዕድል አላቸው» ያልሽው እውነቱ 1.4 ሆነ ማለት ነው። «ሃየር ኦድስ» ብለሽ ጻፊው፤ አንድ ቃል ነው፣ ግን እውነቱን ይናገራል።

ቃሉን ጭራሽ ብተወውስ ብትዪ? የሚሉ አሉ፤ ቀላል ሰዎችም አይደሉም። የአሜሪካ ስታትስቲክስ ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ፣ የሳይንስ ድምዳሜም ሆነ የፖሊሲ ውሳኔ ፒ ቫልዩ አንድን መስመር በማለፍ አለማለፉ ላይ ብቻ መመሥረት የለበትም ብሏል። በ2019 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ ሦስት ምሁራን «ስታትስቲካሊ ሲግኒፊካንት» የሚለው ሐረግ እንዲቀር ጽፈው ከ800 በላይ ተመራማሪዎች ፈርመውላቸዋል። ሐሳባቸው ፒ ቫልዩ ይጣል አይደለም፤ ነገሮችን «አለ» እና «የለም» ብሎ ለሁለት መክፈሉ ይቁም ነው። እኔም በልቤ ከእነሱ ጋር ነኝ። አንቺ ግን ዲግሪሽን መያዝ አለብሽ። ዲፓርትመንትሽ በስልት ምዕራፍ ላይ «ፒ ከ0.05 በታች ሲሆን ስታትስቲካሊ ሲግኒፊካንት ይባላል» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚጠብቅ ከሆነ ጻፊው። ብዙ መጽሔቶችም አሁንም ይጠብቁታል። ያንን አንዴ ከወሰንሽ ግን እስከ መጨረሻው ጠብቂው። 0.06 ሲመጣ ወሰኑን 0.10 ማድረግ አይቻልም።

እንግዲህ የምመክርሽ ይህንን ነው። በውጤት ምዕራፍ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሰዎቹና በቁጥሩ ጀምሪ፤ ፒ ቫልዩ መጨረሻ ላይ በቅንፍ ይምጣ። ባለቤቱ «ትምህርት» ወይም «ርቀት» አይሁን፤ ሕፃናቱ ይሁኑ። ለ0.06ው እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ችልድረን ኦፍ ማዘርስ ዊዝ ሰከንደሪ ኤጁኬሽን ሃድ ሃየር ኦድስ ኦፍ ፉል ቫክሲኔሽን»፤ ከዚያ ኤኦአሩን፣ ኢንተርቫሉንና ፒውን በቅንፍ፤ ቀጥሎ «አልዞ ዚ ኢንተርቫል ኢዝ ኦልሶ ኮምፓቲብል ዊዝ ሊትል ኦር ኖ ዲፈረንስ»። የትምህርት ደረጃውን በዳታሽ እንዳለው ተኪው። የመጀመሪያው ግማሽ ያገኘሽውን ይናገራል፣ ሁለተኛው ግማሽ ምን ያህል እንደማታውቂ ይናገራል። ኤግዛሚነሩ ሐረጉን የግድ ካለ ጫፉ ላይ «ዲስ አሶሲዬሽን ዋዝ ኖት ስታትስቲካሊ ሲግኒፊካንት» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ጨምሪ። ለርቀትም ያው አካሄድ ነው፤ እዚያ «ስታትስቲካሊ ሲግኒፊካንት» ማለት ትችያለሽ፣ ግን 1.06 ከ1 ብዙ እንደማይርቅ አብረሽ ጥቀሺ። ለእርግዝና ክትትል ደግሞ ቁጥሩን አስቀምጠሽ ዝም በይ። ራሱ ይናገራል።

በውይይት ምዕራፍ ሐረጉን ባትጠቀሚው ደስ ይለኛል። እዚያ ሥራሽ ውጤትሽ ከሌሎች ጥናቶች ጋር ይቀራረባል ወይ ብሎ መመርመር ነው። እዚህ ላይ የተለመደ ወጥመድ አለ። «ሌላው ጥናት ሲግኒፊካንት ነበር፣ የኔ አይደለም፤ ስለዚህ ውጤቶቹ ይጋጫሉ» ይባላል። ሌላው ጥናት 1.70 አግኝቶ አንቺ 1.80 ካገኘሽ ምኑ ነው የሚጋጨው? ቁጥሮቹን አነጻጽሪ፣ ፒዎቹን አይደለም። በማጠቃለያና በምክረ ሐሳብ ላይ ደግሞ ሐረጉ ጨርሶ ባይገባ ይሻላል። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ የሚያነበው እሱን ክፍል ነው። «የእናት ትምህርት ሲግኒፊካንት አይደለም» የሚል ካነበበ የእናቶችን ትምህርት ከእቅዱ ሊያወጣው ይችላል። ከ422 ሰው የተነሳ ሰፊ ኢንተርቫል ለእንዲህ ያለ ውሳኔ መሠረት እንዲሆን መፍቀድ የለብሽም። የጥናቱ ውስንነት በሚለው ክፍል ውስጥም የናሙናው መጠን የተሰላው ለምጣኔው እንጂ ለግንኙነቱ እንዳልሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስታውቂ። ይህን ራሷ የጻፈች ተማሪን ኤግዛሚነር አይጥላትም፤ ያከብራታል።

አማካሪሽ «ማርጂናሊ» ካላልሽ ብሎ ቢጸና አትከራከሪው። ሁለቱን መስመሮች፣ የትምህርትንና የርቀትን፣ በአንድ ወረቀት ላይ አትመሽ ፒ ቫልዩዎቹን ሸፍነሽ አሳዪው። የትኛው «ሲግኒፊካንት» እንደሆነ በዓይኑ ይለይ እንደሆን ጠይቂው። ለኤግዛሚነሩ በምትጽፊው የማስተካከያ መልስ ላይ ደግሞ «ቋንቋውን አስተካክያለሁ» ብለሽ አትለፊ። «ምንም ተጽዕኖ የለውም» የሚለውን ያወጣሁት ኢንተርቫሉ እስከ 3.32 ስለሚደርስ ነው፣ 0.000ን ወደ ፒ < 0.001 ቀይሬያለሁ፣ «ኢፌክት»ን ወደ «አሶሲዬሽን» አርሜያለሁ ብለሽ አንድ በአንድ ከገጽ ቁጥሩ ጋር ዘርዝሪለት። ከመላክሽ በፊት ግን አንድ የቀረ ነገር አለ። ሰንጠረዡ ላይ ከ0.05 በታች ያሉትን ቁጥሮች በኮከብ ወይም በደማቅ ፊደል አመልክተሽ ከሆነ አጥፊው። ጽሑፉን አስተካክለሽ ኮከቡን ከተውሽው፣ አንባቢው አሁንም ኮከብ ያለበትን መስመር ብቻ አንብቦ ያልፋል።